የኮርቻው ልክ

በእንግሊዝ አገር፣ ከዎልሶል ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ አንዲት ሴት ነበረች። ዎልሶል የኮርቻ ሠሪዎች ከተማ ናት። ቆዳ መቁረጥና መስፋት፣ ልጓምና እርካብ መሥራት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረባት በመሆኗ የእግር ኳስ ቡድኗ እንኳ በቅጽል ስሙ «ኮርቻ ሠሪዎቹ» ይባላል። ሴትየዋ ልጆቿን አሳድጋ ለራሷ ጊዜ ባገኘች ጊዜ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በልቧ የያዘችውን አንድ ምኞት ልትፈጽም ተነሣች። ድሬሳዥ መማር ፈለገች።

ድሬሳዥ እሽቅድምድም አይደለም፤ ዝላይም የለበትም። ፈረስና ጋላቢ ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 60 ሜትር በሆነ ሜዳ ውስጥ ክብ ይሠራሉ፤ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ይሻገራሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የሚመዘኑት በስምምነታቸው ነው። ጋላቢው የሚሰጠው ትእዛዝ ለተመልካች ዓይን በጭራሽ ባይታይ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. ከ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ጀምሮ ከኦሎምፒክ ውድድሮች አንዱ ነው። በዚያ ደረጃ የሚታዩት ፈረሶች አብዛኞቹ ቁመተ ረጃጅም፣ እግረ ቀጫጭን፣ ለዚሁ ሥራ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው።

የሴትየዋ ፈረስ ግን ከእነዚያ ወገን አልነበረም። ኮብ ነበር። ኮብ በብሪታንያና በአየርላንድ የታወቀ የፈረስ ዓይነት ነው፤ እግሩ አጭር፣ አጥንቱ ወፍራም፣ አንገቱ ደንዳና፣ ጎድኑ ወደ ጎን የተነፋ። ለዘመናት ጋሪ ጎትቷል፣ ገበሬውን ገበያ አድርሷል፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ያለ አድልዎ ተሸክሟል። ይህኛው ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ነበር። ጋማው ትከሻው ላይ ይደፋል፤ ከጉልበቱ በታች ያለው ፀጉር ኮቴውን ይሸፍነዋል። ቁመቱ እስከ ጫንቃው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ጀርባው ግን ከእሱ በቁመት እጅግ ከሚበልጡት ፈረሶች ይሰፋ ነበር። ጋሪ ይጎትት ከነበረበት ቤት ስትገዛው የዚያ ቤት ልጆች በሆዱ ሥር እየተሽሎከሎኩ ሲጫወቱ አይታለች። አልተንቀሳቀሰም። የወደደችው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ኮርቻ ልትገዛ ገንዘብ አጠራቅማ ወደ ሱቅ ሄደች። በእንጨት ፈረስ ላይ የተጫነ ጥቁር የድሬሳዥ ኮርቻ አየች። መቀመጫው ጥልቅ ነው። ክንፎቹ ረጃጅም ሆነው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ የጋላቢው እግር ወደ ታች ተዘርግቶ የፈረሱን ጎን እንዲያቅፍ ተብለው የተሠሩ ናቸው። የሆድ ጠፍሩ የሚያያዝባቸው ማንገቻዎችም ረጃጅሞች ናቸው፤ ዘለበቱ ከጋላቢው ጭን ሥር ሆኖ እንዳይቆረቁር ዝቅ ብሎ በፈረሱ ደረት አጠገብ ይታሰራል። ወጣችበት። ወገቧ ቀጥ አለ፤ ጉልበቷ ማረፊያውን አገኘ፤ ትከሻዋ ሳታስበው ተፈታ። «ይህ ለእኔ የተሠራ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ለእሷ ልኳ ነበር። ያጠራቀመችውን ሁሉ ከፍላ ይዛው ወጣች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ። ኋላ ግን ነገር መለወጥ ጀመረ። ኮርቻውን ይዛ ወደ ጋጣው ስትገባ ፈረሱ ፊቱን ያዞር ጀመር። የሆድ ጠፍሩን ስታስር ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ክንዷን ሊነክስ ይቃጣዋል። ሜዳ ላይ እርምጃው አጠረ፤ ሶምሶማ ስትጠይቀው ጭራውን እያወናጨፈ ይቆማል። ኮርቻውም ቦታው ላይ አይረጋም፤ ትንሽ እንደሄዱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ትከሻው ላይ ይወጣል። ልጆች በሆዱ ሥር ሲያልፉ ዝም ያለው ያ ፈረስ አሁን ሰው ሲቀርበው ቆዳው ይንቀጠቀጣል።

ሴትየዋ ምክር ጠየቀች። አንደኛው መካሪ ዕድሜውን በፈረስ ውድድር ያሳለፈ ጎረቤቷ ነበር። «ኮብ የጋሪ ፈረስ ነው» አላት። «ከዘሩ የሌለውን ከየት ያመጣዋል? አንቺም አትድከሚ፤ እሱንም አታድክሚው። ሽጪውና ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ፈረስ ግዢ።» ሴትየዋ ግን ፈረሱን ትወደው ነበርና አልሸጠችውም። ቢሆንም ቃሉ ልቧ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሱ እንቢ ባለ ቁጥር «አይችልም ማለት ነው» እያለች ታዝንበት ጀመር።

ሁለተኛው መካሪ፣ «ንቆሻል፤ ሌላ ምንም የለበትም» አላት። «አለንጋ ያዢ። ኮርቻው እንዳይንሸራተት የሆድ ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ ጨምረሽ አጥብቂው።» ይህንን አደረገች። ፈረሱ ጥቂት ቀን ሄደላት፤ ከዚያ ጠፍሩ ሲጠብቅ ትንፋሹን ይዞ ሆዱን መንፋት ለመደ። ኮርቻው እንደሆነ ከመንሸራተት አልተመለሰም።

ሦስተኛዋ ልበ ርኅሩኅ ወዳጇ ነበረች። «ምስኪን፣ ቆርቁሮት ይሆናል» ብላ ወፍራም የበግ አጎዛ አመጣችላት። ሴትየዋ አመስግና አጎዛውን ከኮርቻው ሥር አነጠፈችው። በማግሥቱ ፈረሱ ከበፊቱ የባሰ ሆነ። አጎዛው ለስላሳ ነው፤ የተሰጠውም በፍቅር ነው። ነገር ግን የጠበበ ጫማ ለሚጨንቀው ሰው ሁለተኛ ካልሲ እንደ መደረብ ሆነበት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል የአገራችን ሰው። በዚህች ሴት ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ ዳውላው ተፈርቶ አህያው ይመታ ነበር። ኮርቻው ውድ፣ የሚያምርና ለእሷ የተመቸ ስለነበረ ከሦስቱ መካሪዎች አንዱም ሊጠረጥረው አልደፈረም።

በመጨረሻ ጣቶቹ ከወስፌና ከሰም ክር ጋር ሲታገሉ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ሠሪ ወደ ጋጣዋ መጣ። ሴትየዋ ኮርቻውን ጠራርጋ አዘጋጅታ ነበርና ልታሳየው አነሣች። ሽማግሌው በእጁ መልሶ አስቀመጠው። «እሱ ይቆየን፣ ልጄ» አላት። «መጀመሪያ ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሚልኝ።»

ፈረሱ በአራቱ እግሮቹ እኩል ቆመ። ሽማግሌው ከኋላው ራቅ ብሎ ቆሞ የሁለቱን ትከሻዎች እኩልነት ተመለከተ፤ ከዚያ ቀርቦ መዳፉን ጫንቃው ላይ አሳረፈና ሳይጫን፣ ሳይቸኩል፣ በፀጉሩ አቅጣጫ ወደ ኋላ አሳለፈው። ከትከሻው አጥንት ጀርባ ሲደርስ የፈረሱ ቆዳ ተርገበገበ፤ አንድ ጆሮው ወደ ኋላ ዞረ። ሽማግሌው እዚያው ቆመ። «እጅሽን አምጪ» አላት። የሴትየዋ አራት ጣቶች ጡንቻ ሊሞላው የሚገባ ጎድጓዳ ውስጥ ገቡ። በሌላው ጎንም እንዲሁ። በግራ በኩል፣ ድፍን ጥቁር በሆነው የቆዳው ክፍል መካከል፣ ጥፍር የምታህል ነጭ ፀጉር በቅላ ነበር።

«ይህቺ ነጭ ከቡራቡሬነቱ ናት ብለሽ ይሆናል» አላት። «አይደለችም። ኮርቻ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲጫን የፀጉሩ ሥር ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ቀለም የለውም።»

ከከረጢቱ ክንድ የሚያህል ተጣጣፊ ማስመሪያ አወጣ፤ ሲያጥፉት የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ የሚቀር ነው። ከትከሻው አጥንት ጀርባ በፈረሱ ጫንቃ ላይ አጋድሞ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ አስያዘው፤ ቀስ ብሎ አንሥቶ ወረቀት ላይ አሳረፈና ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረ። ሁለተኛውን ልክ ከጀርባው መካከል፣ ሦስተኛውን ከመጨረሻው ጎድን አጠገብ ወሰደ። ሦስቱ መስመሮች ሲታዩ ሁሉም ሰፋፊና ክብ ነበሩ፤ ከላይ ጠፍጠፍ፣ ከጎን ቀስ ብለው የሚወርዱ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን በመቀስ ቆርጦ አወጣና ኮርቻውን ገልብጦ ወረቀቱን ከፊተኛው ቅስት ሥር አስገባው። አልገባም። የቅስቱ ሁለት ጎኖች እንደ ሾጣጣ ጣሪያ ገደል ብለው ይወርዳሉ፤ የወረቀቱ ትከሻ በግራም በቀኝም ተጨማደደ።

ሴትየዋ የተጨማደደውን ወረቀት እያየች ዝም አለች።

«ይህን ኮርቻ ስትገዢ በማን ላይ ለካሽው?» አላት።

«ተቀመጥኩበት» አለች ቀስ ብላ። «ሱቁ ውስጥ፣ በእንጨት ፈረስ ላይ።»

«የእንጨት ፈረስ አያመውም፣ ልጄ።»

ከዚያ ሁሉን አስረዳት። የፈረስ የትከሻ አጥንት እንደ ሰው ከደረቱ ጋር በአጥንት አይያያዝም፤ በጡንቻና በጅማት ብቻ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የፊት እግሩ ወደ ፊት ሲዘረጋ የዚያ አጥንት አናት ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮርቻው ጠባብ ከሆነ በውስጡ ያለው የእንጨት ቅስት ጫፍ በዚያው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ፈረሱ እግሩን በዘረጋ ቁጥር ይጋጫል። ሰነፈ የተባለው እርምጃውን ያሳጠረ ጊዜ ነው፤ እርምጃውን ያሳጠረው ግን እንዳይጋጭ ነው። ጠባብ ኮርቻ ከፊት በኩል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጋላቢውን ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ክብደቷም ከመሸከሚያው አልፎ ወደ ወገቡ ይሄዳል። የኮብ ጫንቃ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ ኮርቻውን ይዞ የሚያስቀር ጉብታ የለውም። ጎድኑ ወደ ኋላ እየሰፋ ስለሚሄድ የሆድ ጠፍሩ ጠበብ ወዳለው ቦታ፣ ወደ ክርኑ ይሸሻል፤ ሲሸሽም ኮርቻውን ይዞት ይሄዳል። «ይህን በማጥበቅ አትመልሺውም» አላት። «ጠፍሩ የሚሄደው የፈረሱ አካል ወደሚመራው ነው።»

«ታዲያ ዘሩ ነዋ!» አለች ሴትየዋ። «ጎረቤቴ እውነቱን ነው።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «በአያቴ ዘመን የኮብ ጭራ ይቆረጥ ነበር» አላት። «ከዛቡ ጋር እንዳይጠላለፍ፣ ደግሞም ሲያዩት ያምራል ብለው። ከአጥንቱ ነበር የሚቆርጡት። በኋላ ሕግ ከለከለው። ፈረሱን ለዕቃው ማስተካከል ሁልጊዜ ይቀላል፤ ፈረሱ አይከራከርማ። የእኛ ሙያ ዕቃውን ለፈረሱ ማስተካከል ነው።» የጠቀሰው ሕግ በብሪታንያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው።

ጎረቤቷ እንደ ጉድለት የቆጠረው ጀርባ በጥንት ዘመን የተመሰገነ ጀርባ መሆኑን ሴትየዋ አታውቅም ነበር። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፉ፣ ሥጋው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ከፍ ብሎ ድርብ የሆነ ጀርባ ከነጠላው ይልቅ ለመቀመጥ እንደሚለሰልስ፣ ለማየትም እንደሚያምር ይመሰክራል። በዜኖፎን ዘመን ግሪኮች እንጨት ያለው ኮርቻ አልነበራቸውም፤ ጋላቢው የሚያውቀው ጀርባውን ራሱን ነበር። ድርቡ ጀርባ ችግር የሆነው ለነጠላ ጀርባ የተሠራ ኮርቻ ሲጫንበት ነው።

ሽማግሌው ኮርቻ ከመፈለጉ በፊት የእንስሳት ሐኪም እንድትጠራ አዘዛት። ኮርቻ የሚንሸራተተው ሁልጊዜ በኮርቻው ጥፋት አይደለም። በተለይ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ የኋላ እግሩ በስውር የሚያነክስ ፈረስ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሕመም ትቶ ኮርቻ መለዋወጥ ገንዘብም ጊዜም መጨረስ ነው። ሐኪሙ መረመረው። እግሩ ደህና ነበር፤ የታመመው ጀርባው ነው። ጥቁሩ ኮርቻ ተሸጠ። ፈረሱም ማንም ሳይወጣበት፣ በእጅ እየተሳበ ብቻ ኮረብታ እየወጣና እየወረደ ሰነበተ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ሴትየዋ አሁን የተማረች መስሏት በመጀመሪያ ያነሣችው በሱቁ ካሉት ሁሉ ሰፊውን ነበር። ሽማግሌው ፈረሱ ላይ አስቀመጠውና እንድትወጣ ነገራት። እንደ ወጣች የኮርቻው ግንባር ወረደ፤ በሁለቱ የሱፍ ትራሶች መካከል ያለው ቦይ ከአከርካሪው ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። «ስፋት ብቻውን ልክ አይሆንም» አላት። «ቅርጹ ሾጣጣ ከሆነ ብታሰፊውም ያው ሾጣጣ ነው። ይህ ፈረስ ክብ ቅስት ይፈልጋል።»

ሁለተኛው ቅስቱ ክብ ነበር። ርዝመቱ ግን በዛ። ፈረስ አሥራ ስምንት ጥንድ ጎድን አለው፤ ኮርቻ ከመጨረሻው ጎድን አልፎ ወገቡ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ እዚያ ከሥሩ ደግፎ የሚሸከመው አጥንት የለምና። የኮብ ጀርባ ደግሞ ሰፊ ቢሆንም አጭር ነው። ሦስተኛው ለፈረሱ በሁሉም በኩል የተስማማ ነበር፤ ሴትየዋ ስትቀመጥበት ግን ጠቧት ወደ ፊት ገፋት፤ ሚዛኗን ለመጠበቅ ጉልበቷን አጣብቃ ያዘች። «ለእሱ እስከተመቸው ድረስ እኔ እችለዋለሁ» አለች በጸጸት። ሽማግሌው ይህንንም አልተቀበለም። «አንቺ ስትንገዳገጂ የሚሸከመው እሱ ነው» አላት። «ራስሽን ማስጨነቅ ለእሱ ምንም አያቀልለትም። መጀመሪያ ለእሱ ይለካል፤ ከዚያ ለእሱ ከሚሆኑት መካከል ለአንቺ የሚሆነው ይመረጣል። ቅደም ተከተሉን አትርሺ እንጂ ሁለታችሁም ትቆጠራላችሁ።»

አራተኛው ያገለገለ ኮርቻ ነበር። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተጭሯል፤ ሱቅ ውስጥ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሽማግሌው ምንም ሳያነጥፍ፣ ጠፍሩንም ሳያስር በባዶው ጀርባ ላይ አስቀመጠው። ሴትየዋን ከኋላ አቁሞ ጎንበስ ብላ እንድታይ ነገራት። በቦዩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ተሻግሮ ታያት። መዳፏን ከፊት በኩል ከኮርቻው ሥር አስገብታ ወደ ታች አሳለፈችው፤ የትም ቦታ አላጣበቃትም፤ የትም ቦታ ባዶ አልሆነባትም። የፊተኛው ማንገቻ ወደ ፊት ተጠግቶ የተሰፋ ስለሆነ የሆድ ጠፍሩ ሳይጎተት የራሱን ቦታ ያዘ፤ ጠፍሩ ራሱም ከክርኑ ጀርባ ጎበጥ ብሎ የተሠራ ነበር። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ጫኑት፤ ወጣች፤ ሄዱ፤ ሶምሶማ ሞከሩ፤ ወረደች። ሽማግሌው ጨርቁን ገፎ በፀሐይ ዘረጋው። የላቡና የአቧራው ምልክት በግራም በቀኝም እኩል ነበር፤ መካከሉ ላይ፣ አከርካሪው በሚያልፍበት፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል።

በማግሥቱ ሴትየዋ ትክክለኛውን ኮርቻ ይዛ ወደ ጋጣው ስትገባ ፈረሱ ጆሮውን አስተኛ፤ ሊነክሳትም ዞረ። ደነገጠች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ፈረሱ የሚያውቀው ኮርቻ ሕመም መሆኑን ነው፤ ይህኛው ከዚያኛው የተለየ መሆኑን ሊነግረው የሚችለው የራሱ ጀርባ ብቻ ነው። ሴትየዋ አልተቆጣችም። ጠፍሩን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እያጠበቀች፣ ጥቂት እያስኬደች፣ ቶሎ እየወረደች ቆየች። ቀኖች አለፉ። አንድ ጠዋት ጠፍሩን ስታስር ፈረሱ ድርቆሽ ማኘኩን አላቋረጠም። ሜዳ ላይ ሲወጡ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ታች ዘረጋ፤ ጀርባው ከሥሯ ከፍ ሲል ተሰማት፤ ሶምሶማው እንዳልተጠየቀ ስጦታ በራሱ መጣ።

ወራት ካለፉ በኋላ ሴትየዋ ወደ ሽማግሌው በጭንቀት ደወለች። «ኮርቻው ተበላሸ፤ እንደገና ጠበበ» አለችው። መጥቶ መዳፉን ያንኑ ቦታ አሳለፈ። አራት ጣት ይገባበት የነበረው ጎድጓዳ በጡንቻ ሞልቷል። «ኮርቻው አልተበላሸም» አላት። «ጀርባው ዳነ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠና በትራሶቹ ስፌት መካከል ባለች ቀዳዳ በኩል በቀጭን ብረት ሱፉን እያሳሳ እንደገና ለካ። ፈረስ የፀደይ ሣር ሲበላ ይወፍራል፤ በክረምት ይከሳል፤ ሲሠራ ይጠነክራል፤ ሲያረጅ ይለወጣል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ እንድትጠራው ነግሯት ሄደ። ጥፍር የምታህለው ነጭ ፀጉር ግን እስከ ዛሬ በጥቁሩ መካከል አለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ምሳሌው ይህ ነው። ትርጉሙም ሩቅ አይደለም። ሸክም የሚለካው በተሸካሚው ጀርባ ነው። የተቀመጠው ሰው «ተመችቶኛል» ቢል እውነቱን ይሆናል፤ ሆኖም ከታች ስላለው ምንም አልነገረንም። ሕግ አውጪ ሕጉን፣ አሠሪ የሥራ ሰዓቱን፣ ወላጅ ለልጁ የመረጠለትን ትምህርት በራሱ መቀመጫ ለክቶ «ልክ ነው» ሲል በእንጨት ፈረስ ላይ እንደተቀመጠችው ሴት ነው። ውሸት አልተናገረም፤ የለካው ግን ራሱን ነው።

የተሸካሚው ምስክርነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቃል አይመጣም። ሱ ዳይሰን የተባሉት እንግሊዛዊት የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በጋላቢ ሥር ያለ ፈረስ የሚያሳያቸውን 24 ጠባዮች ዘርዝረዋል። ጆሮ ወደ ኋላ ማስተኛት፣ ጭራ ማወናጨፍ፣ አፍ መክፈት፣ ለመሄድ እንቢ ማለት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስምንት ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ፈረስ ላይ ከታዩ ፈረሱ ሕመም ሳይኖርበት አይቀርም። ለብዙ ትውልድ «ክፉ ዐመል» እየተባለ በአለንጋ ሲመለስ የኖረው፣ ቋንቋ የሌለው ፍጡር «ያመኛል» ሲል ነበር።

ከፈረስ ወደ ሰው ለመሻገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አስቡ። ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣል፤ ስትጠራ ቶሎ አትሰማም፤ ፊቷ ይጠቁራል። መካሪዎቹ እዚህም ሦስት ናቸው። አንዱ «አስወጧት፣ ሌላ ቅጠሩ» ይላል፤ ሁለተኛው «ንቃችኋለች፣ ቆንጠጥ አድርጓት» ይላል፤ ሦስተኛዋ ለበዓል አዲስ ቀሚስ ትገዛላታለች። ከሦስቱ የሚያሳዝነኝ የሦስተኛዋ ነው፤ ልቧ መልካም ነውና። ነገር ግን የእንቅልፍ ሰዓቷ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ደመወዟ ባለበት ሆኖ ቀሚስ መጨመር በጠበበ ኮርቻ ሥር አጎዛ ማንጠፍ ነው። ልጅቷ አሁን ያንኑ ድካም ከነውለታው ትሸከማለች።

ልኩም አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም። ትናንት ለደከመ ሰው በርኅራኄ የቀለለ ሸክም ዛሬ ለበረታው ይጠበዋል፤ ለወጣቱ የተመቸው ለሽማግሌው አይሆንም። ስለዚህ የበላይ የሆነ ሁሉ ደጋግሞ የመለካት ግዴታ አለበት። «እኔስ?» የሚል ቢኖር ሽማግሌው መልሶለታል፤ ሁለቱም ይቆጠራሉ፣ የሚለካው ግን አስቀድሞ ለተሸካሚው ነው።

እንግዲህ ከእጃችሁ በታች ያለ ሰው ወይም እንስሳ ትናንት ያደርገው የነበረውን ዛሬ እንቢ ሲል፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ውረዱ። ኮርቻውን አንሡ። መዳፋችሁን በጀርባው ላይ በቀስታ አሳልፉ፤ የት ላይ እንደሚርገበገብ አስተውሉ። ቅጣቱም፣ ምክሩም፣ ስጦታውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።